ቱቦ ውስጥ የገባችው ስሞኪ

አቅራቢ፦ ስለ ወታደርና ስለ ውሻው ሲነሳ ብዙዎች የሚጠቅሱት በሆሜር ግጥም ውስጥ ያለውን ውሻ አርጎስን ነው። ጌታው ኦዲሴዎስ ከ20 ዓመት በኋላ ለማኝ መስሎ ቢመጣም አወቀው፤ ጅራቱን ቆላና ሞተ። ልብ ይነካል። እኔን ይበልጥ የምትገርመኝ ግን በእውን የኖረችው ውሻ ስሞኪ ናት።

በፈረንጆቹ 1944፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ኒው ጊኒ ጫካ ውስጥ፣ ከምሽግ ጉድጓድ ነው የተገኘችው። ክብደቷ 2 ኪሎ አይሞላም። አሜሪካዊው ወታደር ዊልያም ዊን ገዛት፤ ድንኳኑ ውስጥ ታድራለች፣ ከስንቁ ያካፍላታል። ለጦር ሥራ ያሠለጠናት የለም።

ከዚያ ፊሊፒንስ፣ ሊንጋየን። በአውሮፕላን ማረፊያው ሥር የመገናኛ ሽቦ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ሜዳውን መቆፈር ደግሞ ሰዎችንና አውሮፕላኖችን ለቀናት ለጠላት ቦምብ ማጋለጥ ነው። ከሥሩ 21 ሜትር ያህል የሚረዝም ቱቦ አለ፤ ስፋቱ 20 ሴንቲሜትር ብቻ፣ በየመጋጠሚያው አፈር የሾለከበት። ዊን ሽቦው የታሰረበትን ገመድ አንገትጌዋ ላይ አሰረና በወዲያኛው ጫፍ ተንበርክኮ ጠራት። ትንሽ ገብታ ተመለሰች። ደግሞ ጠራት። ገመዱ ያዝ ለቀቅ ሲያደርግ ቆየ፤ በመጨረሻ ከአቧራው ውስጥ ዓይኖቿ ብቅ አሉ። ሽቦው አለፈ።