ከጨርቁ ስር ያለው ሶፋ

እሷ፦ ሶፋ ስትገዛ መጀመሪያ ምኑን ታያለህ?

እሱ፦ ቀለሙን ነዋ! ቤት የሚያደምቀው እሱ አይደል?

እሷ፦ እኔ እግሩን ነው የማየው። አንዱን የፊት ጥግ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አንሳው። ሌላኛው የፊት እግር አብሮ ካልተነሳ፣ እንጨቱ ላልቷል ማለት ነው።

እሱ፦ ይቺን አላውቃትም ነበር! እንጨቱስ? ሁሉም “ዋንዛ ነው” ይሉናል።

እሷ፦ ዋንዛ ከሆነማ እሰየው። ግን ጨርቅ ከለበሰ በኋላ በምን ታውቀዋለህ? የምታሠሩ አድማጮች፣ እባካችሁ ጨርቁ ሳይለብስ ሄዳችሁ እዩት። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፤ ምስማሩም ይላላል።

እሱ፦ ባሕር ዛፍን ግን አትኮንኚብኝ። በደንብ ከደረቀ ጠንካራ ነው።

እሷ፦ ልክ ነህ፣ የሚጎዳን ጥድፊያው ነው። ደግሞ መጋጠሚያው በምስማር ብቻ አይሁን፤ ኮላና ቪት ይግባበት።

እሱ፦ ስፖንጁስ? ሱቅ ውስጥ ሲቀመጡበት ሁሉም ይመቻል።

እሷ፦ ውፍረቱ አያታልላችሁ፤ እፍጋቱን ጠይቁ። ለመቀመጫ በሜትር ኪዩብ 30 ኪሎ ገደማና ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ቀላሉ ቶሎ ይሰረጉዳል።

እሱ፦ እኔ አንድ ልጨምር፤ ሽፋኑ ዚፕ ይኑረው። በዓል ላይ ወጥ ሲፈስበት አውልቆ ማጠብ ነው።

እሷ፦ እሱስ እውነት ነው!