ሦስቱ እኩል ፊቶች
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



ስለ ምሥጢረ ሥላሴ ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ታላቅ ደስታ ይሰማኛል። ነገሩ ከዕውቀቴ በላይ ስለ ሆነ፣ የምናገረው እንደ መምህር ሳይሆን ከስሕተቱ እንደ ተማረ ተማሪ ነው። ዓመቶቹንም የምጠራው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።

በካዛንቺስ በአያቴ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ የሥላሴ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። ጠጕራቸው እንደ ጥጥ የነጣ ሦስት አረጋውያን ጐን ለጐን ተቀምጠዋል፤ በዙሪያቸውም አርባዕቱ እንስሳ ይታያሉ። የሦስቱም መልክ አንድ ስለ ሆነ በሕፃንነቴ «አብ የትኛው ነው? ወልድስ?» እያልሁ አያቴን አስቸግር ነበር። እርሳቸውም «ልጄ፣ ሠዓሊው እኮ እንዳታበላልጣቸው ብሎ ነው እንዲህ የሣላቸው» ይሉኝ ነበር።

አድጌ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ ስማር፣ የአንጾኪያው ቴዎፍሎስ በ180 ግድም «ሦስትነት» የሚለውን ቃል በግሪክኛ እንደ ጻፈ፣ የካርታጎው ተርቱልያኖስም ጥቂት ዘግይቶ በላቲን እንደ ተጠቀመበት አነበብሁ። በዚህ ኰርቼ አንድ ቀን «እማማ፣ ይህ ትምህርት የግሪኮችና የሮማውያን ፍልስፍና ነው፤ የእርስዎም ሥዕል የባላገር ሥዕል ነው» አልኋቸው። አያቴ አልመለሱልኝም። ወሩ በገባ በ15ኛው ቀን ነበርና ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቂርቆስ ሄዱ።

ስሕተቴ የተገለጠልኝ ስለ ኒቅያ ጉባኤ ሳነብ ነው። የእስክንድርያው ቄስ አርዮስ፣ ወልድ ፍጡር ነው፣ ያልነበረበት ጊዜም ነበረ ብሎ አስተማረ። በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት፣ እኛ ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው አባቶች ግን ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ መሆኑን መሰከሩ። በ381 የተደረገው የቍስጥንጥንያ ጉባኤም መንፈስ ቅዱስ ከአብና ከወልድ ጋር እንደሚሰገድለት አጸና። እንግዲህ ወልድ በዘመን ከአብ የማያንስ ከሆነ፣ አብን ሽማግሌ ወልድን ጐልማሳ አድርጎ መሣል እንዴት ይገባል? እኔ የባላገር ያልሁት ሥዕል የኒቅያን መልስ በቀለም ይናገር ነበር። ሊቃውንቶቻችንም በስም፣ በአካል ሦስት፤ በባሕርይ፣ በመለኮት አንድ ብለው የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው።

ደግሞም ክርክሩ ከሀገራችን የራቀ አልነበረም። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንላቸውን ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ የሾመልን ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። በ356 ግድም የአርዮስን ወገን ይደግፍ የነበረው የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆንስታንዮስ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ጽፎ፣ ፍሬምናጦስ በአትናቴዎስ ወንበር በተቀመጠው በጊዮርጊስ እንዲመረመር ወደ ግብጽ ይላክልኝ አለ። ደብዳቤውን አትናቴዎስ ራሱ በጽሑፉ አቆይቶልናል። በ1970 ሊቃውንት ያሳተሙት የኢዛና የግሪክኛ የድንጋይ ጽሑፍ ደግሞ አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን በስም ይጠራል። ቄርሎስ የተባለው መጽሐፍም ከግሪክኛ ወደ ግእዝ የተተረጐመው በአክሱም ዘመን ነው። የባዕድ ፍልስፍና ያልሁት ነገር አባቶቻችን ከጥንት ጀምረው የመሰከሩበት ኖሯል።

ይህን ካወቅሁ በኋላ አያቴን ይቅርታ ጠየቅሁ። እርሳቸውም ስቀው «እንግዲያስ ታናሽ ወንድምህ አብ የትኛው ነው እያለ አስቸግሮኛልና አንተ አስረዳው» አሉኝ። እኔም የጥንቱን የፀሐይ ምሳሌ ነገርሁት፤ ክበቧ፣ ብርሃኗና ሙቀቷ ሦስት ሲሆኑ ፀሐይ ግን አንዲት ናት። እርሱም ጥቂት አስቦ «ታዲያ ማታስ?» አለኝ። ያን ጊዜ ምሳሌ ሁሉ ከምሥጢሩ እንደሚያንስ ከሕፃን ተማርሁ።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ከትምህርት ቤት የምናገኘው ዕውቀት የቤታችንን ሀብት የምናይበት መብራት እንጂ የምንንቅበት ምክንያት አይሁን። ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ።