ፓተንትና ከበሮ በምስል ማመቂያ ዘዴዎች ዕድል ላይ
(ለማኅበሩ አባላት ቦሌ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ በቦሌ መንገድ ወደ አንዱ ፎቶ ቤት ጎራ የሚል ሰው፣ በስልኩ የያዘው ፎቶግራፍ በምን ዘዴ እንደ ታመቀ አይጠይቅም። አብዛኛውን ጊዜ ጄፔግ ነው። ከሁሉ የረቀቀው እርሱ ስለ ሆነ ነው እንዳንል ግን ታሪኩ አይፈቅድልንም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥር 1988 ማይክል ባርንስሊና አለን ስሎን የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት፣ ምስልን ከ10,000 እጥፍ በላይ ያሳንሳል ያሉትን «ፍራክታል» የተሰኘ ዘዴ «ባይት» በተባለው መጽሔት አስተዋወቁ። ከበሮው ብዙ ተደለቀ። ነገር ግን አንዱን ባለቀለም ምስል ማመቅ 100 ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር፤ ያውም ሰው አጠገቡ ተቀምጦ እየመራው! ኋላ ዘዴው ተሻሽሎ የማይክሮሶፍት «ኢንካርታ» ሥዕሎች ታመቁበት። ሆኖም በፓተንት የታጠረ ስለ ነበረ፣ ፕሮግራም ጽፎ በነጻ የሚያድል ባለሙያ አልተጠጋውም።

በ1987 የወጣው ጊፍ ደግሞ በዓለም ከተሠራጨ በኋላ፣ ዩኒሲስ የተባለው ኩባንያ በ1994 መጨረሻ በውስጡ ላለው ስልት የፓተንት ክፍያ እንደሚጠይቅ ተሰማ። ቁጣው ፒኤንጂን ወለደ።

የሩቅ አገር ክርክር ምን አገባን የሚል ይኖራል። እርግጥ ነው፣ በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጃችን ቁጥር 123 የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችን ፓተንት ከሚሰጣቸው ነገሮች ውጭ አድርጎአል፤ የዩኒሲስም ፓተንት አዲስ አበባ ላይ ሥልጣን አልነበረውም። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ በአብዛኛው ተሰናድቶ የሚመጣልን ከውጭ ነው፤ እዚያ የተተወው እዚህ አይደርስም። ስለዚህ የብራና መጻሕፍትን በምስል የሚያስቀምጡ ባልደረቦቼ፣ ዘዴ ሲመርጡ የማመቅ ኃይሉን ብቻ ሳይሆን መብቱ በማን እጅ እንዳለ፣ መፍቻውም ያለ ማንም ፈቃድ የሚገኝ እንደ ሆነ አስቀድመው እንዲመረምሩ አደራ እላለሁ። ብራናው ራሱ እኮ ለማንበብ ፈቃድ አይጠይቅም።

ወደ ጄፔግ ልመለስ። ደንቡ በ1992 ሲጸድቅ ለመጨረሻው የማመቅ ደረጃ ሐፍማንና አሪትሜቲክ የተባሉ ሁለት አማራጮች ነበሩት። አሪትሜቲክ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህል ተጨማሪ ቦታ ይቆጥባል። ነገር ግን አይቢኤምና ሌሎች ኩባንያዎች ፓተንት ስለ ያዙበት፣ ፕሮግራም ጸሐፊው ሁሉ ወደ ሐፍማን ሄደ። እነዚያ ፓተንቶች ዘመናቸው ካለፈ ቆይቶአል። አብዛኞቹ የድረ ገጽ ማሳያ ፕሮግራሞች ግን ዛሬም በአሪትሜቲክ የታመቀ ጄፔግ አይከፍቱም።