የሁለቱ አዶልፎች ታሪክ



ልጆቻችን በሥዕል የተሞላ መጽሐፍ ይዘው ሲገቡ ብዙዎቻችን «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» እንላለን። ስለዚህ ዛሬ የምናወጋችሁ በጃፓን አገር ማንጋ ስለሚባለው፣ በሥዕል ስለሚነገረው ታሪክ ነው። ማንጋ እንደ ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። የሚያነበውም ልጅ ብቻ ሳይሆን አዋቂም ጭምር ነው።

ኦሳሙ ቴዙካ በ1928 የተወለዱ፣ ሕክምና ተምረው ዕድሜያቸውን ለሥዕል የሰጡ ሰው ነበሩ። በ1945 የኦሳካ ከተማ በአውሮፕላን ቦምብ ስትደበደብ እዚያው በፋብሪካ ሠራተኛነት ነበሩና ጦርነትን በዓይናቸው አይተዋል። ዓለም የሚያውቃቸው አስትሮ ቦይ በተባለው የልጆች ታሪክ ነው። ከዚያ ይልቅ ብዙ ሰው የማያውቀው ሥራቸው ግን «ለአዶልፍ የተላከ ቃል» ይባላል። ከ1983 እስከ 1985 ድረስ አዋቂዎች በሚያነቡት ሳምንታዊ መጽሔት ላይ በተከታታይ ወጣ።

የሁለቱ ልጆች ታሪክ የሚጀምረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት፣ ኮቤ በምትባል የጃፓን ወደብ ነው። አዶልፍ ካሚል የአይሁዳዊ ዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነው። አዶልፍ ካውፍማን ደግሞ አባቱ የናዚ ፓርቲ አባል የሆነ ጀርመናዊ፣ እናቱ ጃፓናዊት ናት። ሁለቱ የልብ ጓደኞች ናቸው። ሦስተኛው አዶልፍ ራሱ ሂትለር ነው። በታሪኩ ውስጥ «ሂትለር የአይሁድ ደም አለበት» የሚል ምስጢራዊ ሰነድ ብዙ ሰው ያስገድላል። ይህ ግን የታሪክ ሊቃውንት የተቀበሉት ነገር አይደለም።

ካውፍማን ሳይወድ በግድ ጀርመን አገር ወዳለው የናዚ ትምህርት ቤት ተላከ። እዚያም ጥላቻን እንደ ፊደል አስቆጠሩት። በመጨረሻም የጓደኛውን አባት በገዛ እጁ ተኩሶ እንዲገድል ታዘዘ፤ ገደለም። ልጁ ከእናቱ ማኅፀን ጥላቻ ይዞ አልወጣም፤ ያስተማሩት አዋቂዎች ናቸው።

በእውነተኛው ታሪክም ኮቤ የአይሁድ መሸጋገሪያ ነበረች። ቺዩኔ ሱጊሃራ የተባሉ የጃፓን ዲፕሎማት በ1940 በሊትዌንያ ሆነው ከመንግሥታቸው ትእዛዝ ውጭ ለብዙ ሺህ አይሁዶች ማምለጫ የሚሆን ቪዛ ጻፉ። ብዙዎቹም በኮቤ በኩል አለፉ። ያድ ቫሼም በ1984፣ ይኸው የሥዕል ታሪክ ገና እየወጣ ሳለ፣ ሱጊሃራን ከአሕዛብ ጻድቃን አንዱ አድርጎ አከበራቸው።

ውድ ወላጆች፣ ይህ መጽሐፍ ግድያ ስላለበት ለትንንሽ ልጆች አይሆንም፤ ለጎረምሶች ነው። ነገር ግን ልጃችሁ ማናቸውንም የሥዕል ታሪክ ሲያነብ አጠገቡ ተቀመጡ። ዕብራይስጡን ገና ባንለምደውም ሥዕሉን አይተን «ይህ ማን ነው? ለምን ተቆጣ? እውነቱ ከማን ጋር ነው?» ብለን መጠየቅ እንችላለን። እርሱ ቃሉን ይነግረናል፤ እኛ ደግሞ ክፉና ደጉን እንነግረዋለን።