ከሬያል ማድሪድ ፈጣኑ ማን ነው?



በሬያል ማድሪድ ታሪክ ከሁሉ የፈጠነው ማን እንደ ሆነ ስንከራከር ብዙዎቻችን ጋሬዝ ቤልን መረጥን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 በንጉሡ ዋንጫ ፍጻሜ የባርሴሎናውን ባርትራን ከመስመር ውጭ ዞሮ ቀድሞት ጎል ሲያገባ አይተናልና። አንድ አዛውንት ግን ፍራንሲስኮ ሄንቶን ቢያነሡ ሳቅንባቸው።

ሄንቶ ከ1953 እስከ 1971 በግራ ክንፍ ተጫውቶ ስድስት ጊዜ የአውሮፓን ዋንጫ ወስዷል። ሩጫውን እንደ ዛሬው የሚለካ መሣሪያ በዘመኑ አልነበረም። ያዩት ግን በሙሉ ፍጥነት ሲበር ድንገት ቆሞ ተከላካዩን ያሳልፈው እንደ ነበር ይመሰክራሉ። ታዲያ ያልተለካ ሁሉ አልነበረም ልንል ነውን?

ስለ ቤል ያየነውን እንመስክር፤ ሄንቶን ለማሳነስ ግን ምስክር የለንም። ስለ ሳቃችን አዛውንቱን ይቅርታ እንጠይቃለን።