ጥምዝ መስመርንና ጥምዝ ገጽን ከመጽሐፍ ስለ መማር



በኮምፒውተር ቅርጽ መንደፍን የሚማር ሰው መጽሐፉን ሲከፍት ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚቀበለው ቀመር ነው። ይሸመድደዋል፤ ፈተናውንም ያልፋል። ሆኖም በሥራ ላይ ገጹ ጎርብጦ ቢያገኘው የትኛውን ነጥብ ማንቀሳቀስ እንዳለበት አያውቅም። የዚህ መድኀኒቱ የትምህርቱን ቅደም ተከተል መለወጥ ነው፤ ይኸውም አስቀድሞ በእጅ መሥራት፣ ቀመሩን ከዚያ በኋላ ማንበብ ነው።

ታሪኩም ይህንኑ ያስረዳል። ፖል ደ ካስቴልዦ እ.ኤ.አ. በ1959 በሲትሮየን የመኪና ፋብሪካ ሳሉ መስመርን ደጋግሞ በመክፈል ጥምዝን የሚነድፍ ዘዴ አገኙ። ፋብሪካው ጽሑፉን በምስጢር ስለ ያዘው፣ የሬኖው መሐንዲስ ፒዬር ቤዚዬ በ1960ዎቹ ያሳተሙት ሥራ ቀድሞ ታወቀ፤ ጥምዙም በስማቸው ተጠራ። ጄራልድ ፋሪን ግን በ1988 ባሳተሙት የመማሪያ መጽሐፍ የደ ካስቴልዦን ዘዴ ከቀመሩ አስቀደሙት።

እስቲ ማስመሪያና እርሳስ ይዘን ባለ ካሬ ወረቀት ላይ አራት ነጥቦች እናስቀምጥ፤ (0፣ 0)፣ (4፣ 8)፣ (8፣ 8) እና (12፣ 0)። በተከታታይ አገናኝተን የየመስመሩን እኩሌታ ብንፈልግ (2፣ 4)፣ (6፣ 8) እና (10፣ 4) እናገኛለን። በነዚህም ላይ ብንደግመው (4፣ 6) እና (8፣ 6) ይወጣሉ። የሁለቱ መካከል (6፣ 6) በጥምዙ ላይ ያለ ነጥብ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኘው መስመርም ጥምዙ በዚያ ነጥብ የሚሄድበትን አቅጣጫ ያሳያል። በግማሽ ፈንታ በሩብ ወይም በሌላ ክፍልፋይ ብንከፍል ሌሎቹን ነጥቦች እናገኛለን። ተማሪው እያንዳንዱ መነሻ ነጥብ በውጤቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ገባ ቢቆጥር፣ ከስምንት እጅ 1፣ 3፣ 3 እና 1 ሆኖ ያገኘዋል። የመጽሐፉ ቀመር የሚሰጠውም ይህንኑ ነው፤ አሁን ግን ከየት እንደ መጣ ያውቃል።

ገጹም ከዚህ የራቀ አይደለም። በአራት ረድፍ በቆሙ 16 ነጥቦች ላይ ረድፍ በረድፍ ያንኑ ቢሠራ አራት ነጥቦች ያገኛል፤ በአራቱ ላይ ቢደግመው የገጹ አንድ ነጥብ ይወጣል። ማርቲን ኒውዌል በ1975 በዩታ ዩኒቨርሲቲ የነደፉት ዕውቁ የሻይ በራድ በእንዲህ ያሉ የገጽ ቁራጮች የተገነባ ነው። ሁለት ጥምዞች ያለ ጥግ እንዲጋጠሙ የመጋጠሚያው ነጥብ በግራና በቀኝ ባሉት ጎረቤቶቹ መካከል፣ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ መዋል እንዳለበትም እጁ ያስተምረዋል። ገጹ የጎረበጠበት ሠራተኛ የሚፈልገው ዕውቀት ይህ ነበር።

እንግዲህ መምህራን የሆናችሁ ባልደረቦች የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ለወረቀትና ለእርሳስ እንድትሰጡ አደራ እላለሁ።