ደም በሥር ውስጥ ሲረጋ

ስለ ስኳር ሕመምተኞችና ስለ ኮሮና በሽታ በላስታ ለጉባኤ መሪዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር



ማርቆስ በወንጌሉ ሁለተኛ ምዕራፍ ስለ አንድ ሽባና እርሱን ስለ ተሸከሙት አራት ሰዎች ይነግረናል። ሕዝቡ በሩን ቢዘጋባቸውም አልተመለሱም፤ ጣራውን ነድለው በሽተኛውን በጌታ ፊት አወረዱት። የላስታ ሰው በሽተኛ መሸከም ምን እንደሆነ ያውቃል። ቃሬዛ አበጅቶ፣ ትከሻ እየተለዋወጠ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ዳገቱን ወጥቶ ወገኑን ለሕክምና ያደርሳል። ስለዚህ ዛሬ እንድትሸከሙ ልለምናችሁ አልመጣሁም፤ ይህን ታደርጋላችሁና። የመጣሁት መቼ ፈጥኖ መነሣት እንደሚገባ ለመናገር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ዓለም አቀፍ አስቸኳይ የጤና ሥጋት መሆኑ ማብቃቱን አስታውቋል። በሽታው ግን አልጠፋም። በአገራችን የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከታወቀ ወዲህ ስለ ሳልና ስለ ትንፋሽ ማጠር ብዙ ሰምተናል። በሽታው ደምን በሥር ውስጥ እንደሚያረጋ የሰማን ግን ጥቂቶች ነን። የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ ይህ አደጋ ከሌላው ይልቅ የከበደ ነው።

የደም መርጋት በራሱ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። እግራችን በድንጋይ ሲቆረጥ ደሙ ባይረጋ ኖሮ በትንሽ ቁስል እንሞት ነበር። ጉዳት የሚሆነው ደሙ ያለ ቦታው፣ በሥር ውስጥ ሲረጋ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በኖረው በጀርመናዊው ሐኪም በሩዶልፍ ፊርሖ ስም በሚጠራው ትምህርት ለዚህ ሦስት ምክንያቶች ይሰጣሉ፤ የሥሩ ውስጠኛ ግድግዳ መጎዳት፣ የደሙ ፍሰት መዘግየት፣ ደሙም ለመርጋት የተዘጋጀ መሆን ናቸው። የመስኖ ቦይ ብናስብ ነገሩ ይገለጥልናል። ግድግዳው ሲፈራርስ፣ ውኃው ሲያዘግም፣ ደለሉም ሲበዛ ቦዩ ይደፈናል።

እንግዲህ በስኳር ሕመምተኛ አካል የሚሆነውን እንመልከት። በደም ውስጥ ለብዙ ዓመት የበዛው ስኳር የሥሮቹን ውስጠኛ ግድግዳ ይጎዳል። ፕሌትሌት የሚባሉት ደምን የሚያረጉ ጥቃቅን ክፍሎች ቶሎ የሚጣበቁ ይሆናሉ፤ የረጋውን ደም መልሶ የሚያሟሟው የአካል ኃይልም ይደክማል። በዚህ ላይ ኮሮና ሲመጣ ያንኑ የተጎዳ ግድግዳ ያስቆጣዋል፤ ደም የሚያረጉትንም ነገሮች ያበዛል። በሽተኛው ሲተኛ እግሩ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ደሙ ያዘግማል። ትኩሳቱና ከስኳሩ መብዛት የሚመጣው የሽንት ብዛት ውኃውን ከሰውነቱ ሲያወጡት ደሙ ይወፍራል። ሦስቱም ምክንያቶች በአንድ ሰው ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

ከዚህም በላይ ኮሮና ራሱ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ኦክስጅን ለሚያስፈልጋቸው ሕመምተኞች ሕይወት አድን መሆኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 የተረጋገጠው ዴክሳሜታሶን የተባለው መድኃኒትም ስኳርን ይጨምራል። ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ በኮሮና ሲታከም ስኳሩ በየጊዜው መለካት አለበት።

የረጋው ደም ወዴት ይሄዳል? በእግር ሥር የረጋው ተነሥቶ ወደ ሳንባ ሊሄድና በድንገት ትንፋሽን ሊያሳጥር ይችላል። በልብ ሥር ከረጋ የልብ ድካምንና ሞትን፣ በአንጎል ሥር ከረጋ ሽባነትን ያመጣል። ስለዚህ አንድ እግር ብቻ ሲያብጥ፣ ሲያምና ሲግል፣ ደረት ሲወጋ፣ ትንፋሽ በድንገት ሲያጥር፣ ደም የቀላቀለ አክታ ሲወጣ፣ ፊት ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል ወይም አንደበት ሲተሳሰር እስኪነጋ አትጠብቁ። ያበጠውን እግርም ወጌሻ እንዲያሸው አታድርጉ፤ የረጋውን ደም ከቦታው ሊያስነሣው ይችላልና።

አንድ ነገር በተለይ ልብ በሉ። ስኳር ነርቭን ስለሚጎዳ፣ የስኳር ሕመምተኛ ልቡ ተጎድቶ ሳለ ደረቱን ላያመው ይችላል። የሚታይበት ላብ፣ ማቅለሽለሽ ወይም ያልተለመደ ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል። አገራችን ደጋ ነው፤ ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ ከነአኩቶ ለአብ በኩል ወደ ከተማ የሚመጣ ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው ዳገቱ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ተቀምጦ ያረፈ ሰው ትንፋሽ ካጠረው ግን ምክንያቱ ዳገት አይደለም።

ብዙዎቻችን የስኳር ሕመም የባለጠጋና የወፍራም ሰው በሽታ ይመስለናል። ይህ እውነት አይደለም። የጎንደር ሐኪሞች በገጠር የሚኖሩ፣ ድሆችና ቀጫጭን የሆኑ፣ ኢንሱሊን ግን የሚያስፈልጋቸውን ብዙ ሕመምተኞች ለዓመታት ሲያክሙ ኖረዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር ሕመም አምስተኛው ዓይነት ብሎ በ2017 ዓ.ም. ተቀብሎታል። በእርዳታ እህል ወረፋ ላይ የሚቆመው ከሲታ ገበሬም ይህ ሕመም ሊኖርበት ይችላል። ብዙ የሚጠማውን፣ ሽንቱ የሚበዛውንና እየከሳ የሚሄደውን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት።

ይህ አካባቢ የመድኃኒት መጥፋት ምን እንደሚያደርስ አይቷል። በሐምሌ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ላሊበላ ከደረሰ በኋላ በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ በየዕለቱ መድኃኒት የሚሹ ሰዎች ታላቅ ጭንቀት ደርሶባቸዋል። ከዚያም ወዲህ ግጭት መንገድ የዘጋበት ጊዜ አለ። ስለዚህ መንገድ ክፍት ሳለ መዘጋጀት ጥበብ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ እያንዳንዱ ጉባኤና እያንዳንዱ የፕሮጀክት ጣቢያ በአካባቢው ያሉትን የስኳር ሕመምተኞች፣ በራሳቸው ፈቃድና ምስጢራቸውን በመጠበቅ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ሆኖ ይወቅ። የእምነት ልዩነት አይደረግበት። ቃሬዛውንና ተሸካሚዎቹንም አስቀድሞ ያሰናዳ።

ሁለተኛ፣ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሲታመም መብላት አቃተኝ ብሎ ፈጽሞ አያቋርጥ። መጠኑን የጤና ባለሙያ ይወስንለት። ቢንቀጠቀጥና ቢያልበው ግን ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላልና፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር ያለበት ውኃ ወይም ሻይ ፈጥናችሁ ስጡት። ማቀዝቀዣ በሌለበት ኢንሱሊኑን በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ፣ ከፀሐይና ከእሳት ርቆ፣ ራሱ ሳይረጥብ ማስቀመጥ ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ የታመመው ሰው ውኃ ይጠጣ፤ ቢችል ተነሥቶ ይራመድ፤ ባይችል በአልጋው ላይ እግሩን ያንቀሳቅስ። ጎረቤቶቻችን በጾም ወራት ቢታመሙ የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ በፍቅር ምከሯቸው፤ ለታመመ ሰው ጾሙ ሊቀልለት ይችላልና።

አራተኛ፣ ደም ያቀጥናል ተብሎ ማንም በራሱ ፈቃድ አስፒሪን አይዋጥ። በሆስፒታል በተኙ የኮሮና ሕመምተኞች ላይ ተፈትኖ ሞትን እንዳልቀነሰ ታይቷል፤ ሆድንም ሊያደማ ይችላል። ሐኪም ለልቡ ያዘዘለት ግን አይተው። ደም እንዳይረጋ የሚከላከለው ሄፓሪን የተባለው መርፌ በሆስፒታል በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ ነው፤ ፈጥነን የምናደርሰውም ስለዚህ ነው።

አምስተኛ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው የስኳር ሕመምተኛ ወዳለበት ቤት ባይገባ፣ ግድ ቢሆንበትም አፍንጫውንና አፉን ቢሸፍን መልካም ነው። ስለ ክትባቱ የጤና ጣቢያውን ጠይቁ።

በመጨረሻም ለእኛ ለምእመናን አንድ ቃል አለኝ። ለበሽተኛ መጸለይ ታዘናል፤ እግዚአብሔርም ይፈውሳል። ነገር ግን ጸሎት ተደርጎለታል ተብሎ ኢንሱሊኑን የሚጥል ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ማንም አገልጋይ ወንድሙን መርፌህን ጣል አይበለው። ፈውሱ እውነት ከሆነ ምርመራው ይመሰክራል፤ መድኃኒቱንም ሐኪሙ ያቆመዋል። ሉቃስ ወንጌልን የጻፈ ሐዋርያዊ ሰው ሳለ ሐኪም መባሉ አላሳፈረውም። እኛም እጃችንን በበሽተኛው ራስ ላይ ጭነን ከጸለይን በኋላ፣ በዚያው እጅ ቃሬዛውን እናንሣ።

እግዚአብሔር ሕመምተኞቻችንን ይጠብቅ፤ ለምድራችንም ሰላምን ይስጥ። አሜን።